ቫይረሱ ከደም ጠፍቶ ከሰውነት የማይወጣው ለምንድን ነው? የኤችአይቪ ፈውስ ከጅማ ሲታይ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «ከኤችአይቪ ሙሉ በሙሉ የዳነ ሰው ተገኘ» የሚል ዜና በየጊዜው ይሰማል። መጀመሪያ ከበርሊን፣ ቀጥሎ ከለንደን፣ ቆይቶም ከዱስልዶርፍ፣ ከኒውዮርክና ከጄኔቫ መጥቷል። ዜናው እውነት ነው፤ ሰዎቹ ድነዋል። ይኸው ወሬ ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ሲደርስ ግን ለዓመታት በየቀኑ ክኒን ሲውጡ የኖሩ ሰዎች የሚያነሡት ጥያቄ ይከተላል፦ እነሱ ከዳኑ እኛስ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን «ድሆች ስለሆንን ነው» ተብሎ የሚዘጋ አይደለም። እነዚያን ጥቂት ሰዎች ያዳነው ሕክምና በበለጸጉት አገሮችም ቢሆን ለሌላው የኤችአይቪ ታካሚ አይሰጥም።

ይህ ጽሑፍ ቫይረሱ ከሰውነት የማይወጣበትን ምክንያት፣ እስካሁን የተሞከሩትን መንገዶችና እያንዳንዳቸው የሚያስከፍሉትን ዋጋ፣ በመጨረሻም ነገሩ ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች ምን ማለት እንደሆነ ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕክምናው የደረሰበት ደረጃ

ኤችአይቪ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱን የሚያሳየው የመጀመሪያው ማስረጃ የተገኘው በ1984 ከተቀመጠ የደም ናሙና ነው። በ1986 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን አዲስ አበባ ላይ ታወቁ። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ2003 በክፍያ፣ በ2005 መጀመሪያ ደግሞ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ከዚያ በፊት ምርመራው የሞት ማስታወቂያ ያህል ይፈራ ነበር። ዛሬ ሦስት መድኃኒቶችን፣ ማለትም ቴኖፎቪርን፣ ላሚቩዲንንና ዶሉቴግራቪርን፣ በአንድ ላይ የያዘች ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ትወሰዳለች። ግሎባል ፈንድ በ2023 ባስታወቀው መሠረት የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ዋጋ ከ45 ዶላር በታች ወርዷል።

በኢትዮጵያ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች ከቫይረሱ ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ስርጭቱ በአዋቂዎች ዘንድ 0.9 በመቶ ነው። ይህ አማካይ ቁጥር ግን የከተሞቹን ሁኔታ ይሸፍናል። በ2017 እና በ2018 በከተሞች ብቻ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት 3 በመቶ፣ ለብቻቸው ሲታዩም በሴቶች 4.1 በመቶ፣ በወንዶች 1.9 በመቶ አግኝቷል። በዚያው ጥናት ቫይረሱ በደማቸው ካለ አዋቂዎች 79 በመቶው ሁኔታቸውን ያውቁ ነበር። ከሚያውቁት ውስጥ 97 በመቶው መድኃኒት ላይ ነበሩ፤ መድኃኒት ከሚወስዱት ውስጥም 88 በመቶ ያህሉ ቫይረሱን መቆጣጠር ችለዋል።

ሕክምናው በተባለለት ልክ ይሠራል ማለት ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው የቫይረስ መጠኑ በመሣሪያ ከማይታይበት ደረጃ ላይ ይወርዳል፤ በዚያ ደረጃ ላይ እስከቆየ ድረስም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ቫይረሱ በደም ውስጥ የማይታይ ከሆነ መድኃኒቱን ማቆም ለምን አይቻልም? ያቆሙ ሰዎች ላይ የሚታየው ነገር መልስ ይሰጣል። በአብዛኞቹ ላይ ቫይረሱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ደም ይመለሳል። አሥር ዓመት ሙሉ በመድኃኒት ተገትቶ የቆየም ቢሆን ይመለሳል።

ቫይረሱ የሚደበቅበት ቦታ

በጅማ አካባቢ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሌላ ከባድ በሽታ ቲቢ ነው። መድኃኒት ያልተለማመደው ቲቢ በስድስት ወር ሕክምና ይድናል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ሲ ቫይረስም በአዲሶቹ ክኒኖች በ12 ሳምንት ገደማ ከሰውነት ይወጣል። ኤችአይቪ ከእነዚህ የሚለየው መኖሪያውን በሚሠራበት መንገድ ነው።

ሄፓታይተስ ሲ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይባዛል እንጂ የሕዋሱን ዘረመል አይነካም። መባዛቱ ከታገደ ያልቃል። ኤችአይቪ ግን ሲዲ ፎር በሚባሉት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ሲገባ የራሱን አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ ይገለብጥና ከሰውየው ዲኤንኤ ጋር ይሰፋዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቫይረሱ የዚያ ሕዋስ የዘር መዝገብ አካል ይሆናል። መድኃኒቶቹ አዲስ ቅጂ እንዳይሠራ፣ አዲስ ሕዋስም እንዳይያዝ ያግዳሉ። የተሰፋውን ፈትቶ የሚያወጣ መድኃኒት ግን የለም።

ይህም ሆኖ የተያዙት ሕዋሳት በሙሉ ቶሎ የሚሞቱ ቢሆኑ ችግሩ በጊዜ ብዛት ይቃለል ነበር። አብዛኞቹ በእርግጥ በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ወደ ዕረፍት ይገባሉ። የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን ያለፈ በሽታን ለዓመታት የሚያስታውሰው «የትውስታ» ሕዋሳት በሚባሉት ነው፤ ሥራቸው ረጅም ዘመን መኖርና ጠላት ሲመጣ መንቃት ነው። ኤችአይቪ የሚያደፍጠው በእነዚህ ውስጥ ነው። ሕዋሱ ሲያርፍ ቫይረሱም ያርፋል፤ ፕሮቲን አያመርትም፣ ምልክትም አያሳይም። እንደ ተዳፈነ ፍም ነው፦ ከላይ ሲታይ አመድ፣ ሲገለጥ እሳት። መድኃኒቱ የሚያግደው የሚባዛን ቫይረስ በመሆኑ ያረፈውን አያገኘውም። የበሽታ መከላከያውም ከጤነኛው ሕዋስ ሊለየው አይችልም።

ይህ መደበቂያ መኖሩ በ1997 በሦስት የተለያዩ የአሜሪካ የምርምር ቡድኖች ሥራ ተረጋገጠ። ዳግም ሊነቃ የሚችል ቫይረስ የያዘው ከአንድ ሚሊዮን ያረፉ ሲዲ ፎር ሕዋሳት ውስጥ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። መደበቂያው በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ ሲለካ ግን 44 ወር ገደማ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ፍጥነት በመድኃኒት ብቻ ለመጨረስ ከ70 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ነገሩን አከበዱት። እነዚህ ሕዋሳት ዝም ብለው አይቀመጡም፤ እንደማንኛውም የትውስታ ሕዋስ ይከፈላሉ፣ ይባዛሉ። ሕዋሱ ሲባዛ የተሰፋው ቫይረስ አብሮ ይገለበጣል። መድኃኒቱ ቫይረሱ ራሱን እንዳያባዛ ቢከለክልም ሕዋሱ ራሱን እንዳያባዛ አይከለክልም።

ከዚህ ላይ የመለካት ችግር ይጨመራል። በሕዋሳት ውስጥ ከተሰፉት የቫይረስ ቅጂዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጎዶሎ ናቸው፤ ዳግም መነሣት አይችሉም። ተራ የዲኤንኤ ምርመራ ግን ጎዶሎውንና ሙሉውን ለይቶ አይቆጥርም። ጥቂት የሆኑት ሙሉ ቅጂዎች ደግሞ በብዛት ያሉት በደም ሳይሆን በንፍፊትና በአንጀት ዙሪያ ነው። ስለዚህ አንድ ሐኪም ታካሚውን «አሁን ድነሃል» ለማለት የሚያስችለው የደም ምርመራ እስከዛሬ የለም። ማረጋገጫው አንድ ብቻ ነው፤ መድኃኒቱን አቁሞ መጠበቅ።

የዳኑት ሰዎች እንዴት ዳኑ?

ቲሞቲ ሬይ ብራውን፣ «የበርሊኑ ታካሚ» በሚል ስም የሚታወቀው፣ ከኤችአይቪ በተጨማሪ የደም ካንሰር ነበረበት። ሐኪሞቹ ካንሰሩን ለማከም በ2007 እና በ2008 ሁለት ጊዜ የመቅኔ ሕዋሳት ንቅለ ተከላ አደረጉለት። ለጋሹን ሲመርጡ ግን አንድ ነገር አከሉ። ኤችአይቪ ሲዲ ፎር ሕዋስ ውስጥ ለመግባት ሲሲአር5 የሚባል ተጨማሪ በር ያስፈልገዋል። ከሰሜን አውሮፓውያን 1 በመቶ ያህሉ በተፈጥሮ ለውጥ ምክንያት ይህ በር የላቸውም። የብራውን ለጋሽ ከነዚህ አንዱ ነበር። የበሽተኛው የቀድሞ የመከላከያ ሥርዓት በኃይለኛ መድኃኒትና በጨረር ፈረሰ፣ በምትኩ በር የሌለው አዲስ ሥርዓት ተተከለ። ብራውን በ2020 ካንሰሩ ተመልሶበት አረፈ፤ ኤችአይቪው ግን እስከ መጨረሻው አልተመለሰም።

በ2019 ይፋ የሆነው የለንደኑ አዳም ካስቲሌሆ፣ በ2023 መዳኑ የተረጋገጠው የዱስልዶርፉ ታካሚና ሌሎችም በተመሳሳይ መንገድ ድነዋል። በ2022 የተነገረላት የኒውዮርኳ ሴት የእትብት ደም ሕዋሳት ተተክለውላታል። በ2023 የተገለጸው የጄኔቫው ታካሚ ደግሞ የተለየ ነው፤ የእርሱ ለጋሽ በሩ ያለው ተራ ሰው ነበር፣ ቫይረሱ ግን አልተመለሰም። ይህ አዲሶቹ የመከላከያ ሕዋሳት የቀድሞዎቹን አሳድደው ሲያጠፉ መደበቂያውንም አብረው እንደሚያጠፉ ይጠቁማል። ለሳይንሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ለሕዝብ የሚሆን ሕክምና ግን አይደለም። ንቅለ ተከላው ራሱ ሊገድል ይችላል። የሚደረገውም ታካሚው ያለ እርሱ በካንሰር ሊሞት በሚችልበት ጊዜ ብቻ ነው። በቀን አንድ ክኒን እየወሰደ ጤነኛ ሆኖ የሚኖርን ሰው ወደዚህ አደጋ ማስገባት ከሕክምና ሥነ ምግባር ጋር ይጋጫል። የዘር ጉዳይም አለበት፦ ያ የሲሲአር5 ለውጥ በአፍሪካውያን ዘንድ የለም በሚያሰኝ ደረጃ ብርቅ ነው። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ለአንድ የጅማ ታካሚ የሚስማማ፣ ለውጡም ያለው ለጋሽ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ቸኩሎ «ድኗል» ማለት ምን እንደሚያስከትልም ታይቷል። በ2010 ሚሲሲፒ ውስጥ ቫይረሱን ይዛ የተወለደች ሕፃን በተወለደች በ30 ሰዓት ገደማ መድኃኒት ተጀመረላት፤ በኋላ ሕክምናዋ ተቋርጦም ቫይረሱ ለ27 ወራት ሳይታይ ቆየ። ዓለም እንደዳነች አምኖ ነበር። ቫይረሱ ግን በ2014 ተመለሰ። በቦስተን ተራ ለጋሽ የተገኘላቸው ሁለት ሰዎችም መድኃኒት ካቆሙ ከወራት በኋላ ቫይረሱ ተመልሶባቸዋል።

አራት የምርምር መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ያረፈውን ቫይረስ ቀስቅሶ መግደል ነው። ሕዋሱን የሚያነቃ መድኃኒት ይሰጣል፣ ቫይረሱ ሲገለጥ የመከላከያ ሥርዓቱ ይመታዋል። ቫይረሱን መቀስቀስ እንደሚቻል በ2012 በቮሪኖስታት መድኃኒት ታይቷል። መግደሉ ግን አልተሳካም። በብሪታንያ በ60 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2020 የታተመው ሙከራ ቀስቃሽ መድኃኒትና ክትባት ቢጨመርም የመደበቂያው መጠን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት እንዳልተለየ አሳየ። ማነቃቂያውን ከመጠን በላይ ማጠንከር ደግሞ መላውን የመከላከያ ሥርዓት በአንድ ጊዜ ሊያቀጣጥል ይችላል። በ2025 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ኤምአርኤንኤ በስብ ቅንጣት ጠቅልለው ያረፉ ሕዋሳት ውስጥ ማስገባትና ቫይረሱን ከመደበቂያው ማውጣት እንደቻሉ አሳትመዋል፤ ሥራው ግን ገና በላቦራቶሪ ሕዋሳት ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ተቃራኒው ነው፤ ቫይረሱን ለዘለቄታው ማስተኛት። ሐሳቡ መድኃኒት ከቆመ በኋላም ቫይረሱ እንዳይነቃ መቆለፍ ነው። በሰው ላይ ለማዋል ገና ረጅም መንገድ ይቀረዋል።

ሦስተኛው የተሰፋውን ዘረመል በመቁረጥ ማስወገድ ነው። ክሪስፐር በተባለው የዘረመል መቀስ የተሠራው ኢቢቲ-101 በ2022 በሰው ላይ ተሞከረ። በ2024 በቀረበው ውጤት ሕክምናው አደገኛ ሆኖ አልተገኘም፤ ነገር ግን መድኃኒት ባቆሙት ሦስት ሰዎች ሁሉ ቫይረሱ ተመለሰ፣ በአንዱ ብቻ እስከ 16 ሳምንት ዘገየ። እንቅፋቱ ግልጽ ነው፦ መቀሱ ከሚሊዮን አንዷን ሕዋስ፣ ያውም በመላው አካል የተበተነችውን፣ ሳይስት ማግኘት አለበት። ጥቂት ካመለጡት ቫይረሱ ከእነሱ ይነሣል።

አራተኛው አንቲቦዲዎች ናቸው። አንዳንድ ሰዎች ብዙ የቫይረሱን ዝርያዎች የሚያከሽፉ ብርቱ አንቲቦዲዎችን በተፈጥሮ ያመርታሉ። እነዚህ በላቦራቶሪ ተባዝተው በመርፌ ሲሰጡ ቫይረሱን ያግዳሉ፤ የሰውየውን የራሱን መከላከያም የሚያሠለጥኑ ይመስላል። በ2025 መጋቢት ይፋ በሆነ አንድ የአውሮፓ ሙከራ ሁለት ረጅም ዕድሜ ያላቸው አንቲቦዲዎች ከተሰጧቸው ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ለ20 ሳምንታት ያለ መድኃኒት ቫይረሱን ተቆጣጥረዋል። በዚያው ወር በደቡብ አፍሪካ ደርባን በ20 ወጣት ሴቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት ቀረበ። አንቲቦዲና መከላከያን የሚያነቃ መድኃኒት ከተሰጣቸው በኋላ 4ቱ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ክኒን ቆይተዋል። ይህ ፈውስ አይደለም፤ ቫይረሱ በሰውነታቸው አለ፣ ግን ያለ መድኃኒት ታስሯል። ለእኛ አንባቢዎች የደርባኑ ሙከራ ከሁሉም ይበልጥ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ይመጣል።

ከጅማ ሲታይ

ኤችአይቪ አንድ ወጥ ቫይረስ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ በብዛት ያለው ዝርያ ቢ ነው፤ በኢትዮጵያ፣ ጅማን ጨምሮ፣ የሚገኘው ከሞላ ጎደል ዝርያ ሲ ነው። በዓለም ላይ ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩት ግማሽ ያህሉ የተያዙት በዝርያ ሲ ነው። የፈውስ ምርምሩ ግን ለብዙ ዓመታት ያተኮረው በዝርያ ቢ ላይ ነበር። አንድ አንቲቦዲ የሚጨብጠው የቫይረሱ ክፍል ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። መደበቂያውን የሚለካው በ2019 የወጣው አዲስ ምርመራም መጀመሪያ የተሠራው ለዝርያ ቢ በመሆኑ ለዝርያ ሲ እንደገና መስተካከል አስፈልጎታል። የደርባኑ ሙከራ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። በዝርያ ሲ በተያዙ አፍሪካውያን ሴቶች ላይ፣ በአፍሪካ ምድር ተካሄደ።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። በ1994 የተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን የሲዲ ፎር ቁጥር ከኔዘርላንዳውያን ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በሌላ አገር ሰው ላይ የተቀመጠ ልኬት እዚህ እንዳለ እንደማይሠራ ያስተማረ ግኝት ነበር። በጅማ ዞንም ከ2010 እስከ 2012 መድኃኒት በሚጀምሩ 282 ሰዎች ላይ የተመጣጠነ ምግብ ድጋፍ የሚያመጣው ለውጥ በዕጣ በተደለደለ ሙከራ ተጠንቶ በ2014 በታዋቂው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ተጨማሪ ምግቡ የጡንቻ ክብደትንና የእጅ ጥንካሬን ጨምሯል። ከዚያው ጥናት ተሳታፊዎች ቫይረሱ ባልወረደላቸው ላይ የተደረገው ምርመራ ደግሞ መድኃኒት የተለማመደ ቫይረስ በአካባቢው መኖሩን አሳይቷል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ይህ ሥራ ከባድ ሙከራ በሥርዓት ማካሄድ እንደሚችል በቂ ምስክር ነው።

የፈውስ ሙከራ የሚጠይቀው ግን ከዚህ የከበደ ነው። መድኃኒት አቁሞ መጠበቅ ግድ ስለሆነ የቫይረሱ መጠን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መለካት፣ ውጤቱም በቀናት ውስጥ መድረስ አለበት። ቫይረሱ ሲመለስ ሰውየው ሊያስተላልፍ ስለሚችል የትዳር ጓደኛው መከላከያ መድኃኒት ማግኘት ይኖርበታል። ተሳታፊው ለራሱ እንደማይድን፣ አደጋውን የሚቀበለው ለወደፊት ሰዎች መሆኑን ተረድቶ መፈረም አለበት። ከአጋሮ ጤና ጣቢያ የተወሰደ ናሙና ተጓጉዞ፣ ተመርምሮ፣ ውጤቱ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ለእንዲህ ያለው ሥራ ይረዝማል።

የቡናው ኑሮም የራሱን ጫና ያመጣል። ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩ እሸት ሲደርስ ለቀማው ሰውን ከቤቱ ያወጣል። የቀን ሠራተኛው ከከተማ ወደ እርሻ፣ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ይንቀሳቀሳል። በዓመቱ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ በብዛት የሚንቀሳቀሰውም ያኔ ነው። የቀጠሮ ቀን ለቀማ ላይ ከዋለ የቀን ገቢ ይቀራል፤ ስለ ሁኔታው ካልነገራቸው ሰዎች ጋር የሚያድር ደግሞ ክኒኑን ማውጣት ያፍራል። አገሪቱ ከ2017 ወዲህ የተረጋጉ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ መፍቀዷ ለእንዲህ ዓይነቱ ኑሮ የተስማማ እርምጃ ነው።

ይህ ከፈውስ ጋር ምን ያገናኘዋል? ብዙ ያገናኘዋል። በደርባን የተሳካላቸው ሴቶች ከተያዙ በጣም በአጭር ጊዜ ውስጥ ሕክምና የጀመሩ ናቸው። ሕክምና በቶሎ ሲጀመር መደበቂያው ትንሽ ይሆናል፣ የቫይረሱ ዓይነትም አይበዛም። መድኃኒት በተቋረጠ ቁጥር ደግሞ ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፣ ይለወጣል፣ መደበቂያውን ይሞላል። ዛሬ ዘግይቶ የሚመረመርና ሕክምናውን የሚያቆራርጥ ሰው ነገ ፈውስ ቢመጣ ለማዳን አስቸጋሪው ታካሚ ይሆናል።

«ዳንኩ» የሚያሰኘው ስሕተት

መድኃኒት ያቆመ ሰው ወዲያው አይታመምም። ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ቢመለስም የሲዲ ፎር ቁጥር ወርዶ ሕመም እስኪታይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ መሀል የሚሰማው ጤንነት፣ ክኒኑን ትቶ የጠጣው መድኃኒት ወይም የሄደበት ቦታ ያመጣው ይመስለዋል። «ቫይረሱ አይታይም» የሚለው የላቦራቶሪ ውጤትም እንዲሁ በስሕተት የፈውስ ወረቀት ተደርጎ ይነበባል። በ2006 የታተመውና በ33 አገሮች ከ5,400 በላይ ሰዎችን ያካተተው ጥናት መልሱን አስቀምጧል፦ ሲዲ ፎራቸው ጥሩ በሆነ ጊዜ መድኃኒት እንዲያቆሙ የተደረጉት ሰዎች፣ ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይልቅ ለሕመምና ለሞት የመጋለጥ ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር።

እምነትና ሕክምና የግድ አይጋጩም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ2007 ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማሳሰባቸው ብዙ ሕይወት የሚያድን ምክር ነበር። ሙስሊሙ በሚበዛበት በጅማ ዞን ከመስጊድ የሚወጣ ተመሳሳይ ቃል የሐኪምን ያህል ይሰማል። ጸሎት ሰውን ያጽናናል፤ ክኒኑን አስጥሎ የሚሸጥ የ«ፈውስ» ተስፋ ግን ሰው ይገድላል።

ገንዘቡ የሚወስነው

በ2025 ጥር አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አሳውቋል። ከእነዚህ መካከል ታካሚን የሚከታተሉ፣ የጠፋውን ፈልገው የሚመልሱ፣ መረጃ የሚይዙ ሠራተኞች ነበሩበት። ክኒኑ መጋዘን ውስጥ ቢኖርም በሰውየው እጅ የሚያስገባው ሰንሰለት በሰው ላይ የቆመ ነው። ክስተቱ በአንድ ውጭ አገር ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ሥርዓት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ አሳይቷል።

የፈውሱ ዋጋም ከአሁኑ መታሰብ አለበት። በ2023 መጨረሻ አሜሪካ የፈቀደችው ማጭድ መሰል የደም ሕዋስ በሽታን የሚያክም የዘረመል ሕክምና ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ተተምኗል። በዚያ ገንዘብ ወደ 50 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች የአንድ ዓመት የኤችአይቪ መድኃኒት ይገዛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋምና የጌትስ ፋውንዴሽን በ2019 ለእነዚህ ሁለት በሽታዎች በአፍሪካ ሊሰጥ የሚችል ርካሽ የዘረመል ሕክምና ለመፈለግ ቢያንስ መቶ መቶ ሚሊዮን ዶላር ለመመደብ መስማማታቸው ይህንን ገደል በማየት ነው። ግባቸው ንቅለ ተከላ የማይፈልግ፣ በመርፌ የሚሰጥ ሕክምና ነው።

ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ መንገዶች

የመጀመሪያው፣ በቅርቡ የመሆን ዕድሉም ከፍተኛ የሆነው፣ ክኒኑ በረጅም ጊዜ መርፌ የሚተካበት ሁኔታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ሐምሌ በየሁለት ወሩ የሚሰጠውን የካቦቴግራቪርና የሪልፒቪሪን መርፌ ለሕክምና፣ በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን ሌናካፓቪር ደግሞ ለመከላከል መክሯል። ሌናካፓቪር በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ከወሰዱት ከ2,100 በላይ ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። ከ2027 ጀምሮ ተመሳሳይ ምርቱ ለድሃ አገሮች በዓመት በ40 ዶላር እንደሚቀርብ ተገልጿል። ፈውስ አይደለም፤ ግን ለቀማ ላይ ላለ ሠራተኛ ኑሮን የሚለውጥ ነው።

ሁለተኛው ለአንዳንዶች ያለ ዕለታዊ መድኃኒት ቫይረሱን ማሰር የሚቻልበት ነው። አንቲቦዲዎቹ እዚህ ሊያደርሱን ይችላሉ። ነገር ግን በመጀመሪያ ተጠቃሚ የሚሆኑት በቶሎ ሕክምና የጀመሩ ጥቂቶች ናቸው። ቫይረሱ መቼ እንደሚመለስ ስለማይታወቅም የማያቋርጥ ምርመራ ይፈልጋል። ምርመራው በማይደርስበት ቦታ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ሊለወጥ ይችላል።

ሦስተኛው መደበቂያውን ጨርሶ የሚያጠፋ፣ በአንድ መርፌ የሚያልቅ ፈውስ ነው። የማይቻል አይደለም፤ የዳኑት ሰዎች የሰው አካል ከቫይረሱ ሊጸዳ እንደሚችል አረጋግጠዋል። ግን ሕዋሳቱን ለይቶ የሚያገኝ መንገድም፣ መጥፋታቸውን የሚያረጋግጥ ምርመራም ገና አልተገኘም። ሁለቱ ሳይገኙ ዓመተ ምሕረት መቁረጥ ሰውን ማሳሳት ነው።

ሚዛኑ

ማስረጃው ሲጠቃለል የኤችአይቪ ፈውስ የዘገየው ሳይንቲስቶች ስላልሠሩ ወይም መድኃኒት ስለተደበቀ አይደለም። ቫይረሱ የበሽታ መከላከያችንን ራሱን፣ ያውም ለረጅም ዘመን እንዲኖር የተፈጠረውን ክፍል፣ መደበቂያ ስላደረገው ነው። እርሱን ለማጥፋት የሚወሰድ እያንዳንዱ እርምጃ ሰውየውን ሊጎዳ ይችላል፤ በቀን አንድ ክኒን ጤነኛ ሆኖ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሊፈቀድ የሚገባው አደጋ በጣም ትንሽ ነው። ሕክምናው በተሻሻለ ቁጥር ፈውሱ ማለፍ ያለበት መለኪያ ከፍ ይላል።

ለጅማና ለቡና ከተሞቿ ከዚህ የሚወጣው ሥራ የማይጨበጥ አይደለም። ሰው በቶሎ እንዲመረመርና በዚያው ቀን ሕክምና እንዲጀምር ማድረግ፣ የስድስት ወር መድኃኒቱ ከለቀማው ወቅት በፊት እጅ እንዲገባ ቀጠሮን ማስተካከል፣ የቫይረስ መጠን ምርመራ ውጤት በቶሎ እንዲመለስ ማድረግ፣ በውጭ ዕርዳታ የቆሙትን የክትትል ሠራተኞች በመንግሥት በጀት መያዝ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በዝርያ ሲ ላይ በሚደረጉ የአፍሪካ የፈውስ ጥናቶች እንዲሳተፉ መደገፍ ያስፈልጋል። እነዚህ እርምጃዎች ፈውሱ ቢዘገይ ሕይወት ያድናሉ። ፈውሱ ከመጣ ደግሞ ለእርሱ የተዘጋጀ ታካሚ፣ የሚሰጥበት ጤና ጣቢያና የሚመዝነው ባለሙያ ይኖራል። መድኃኒቱን ዛሬ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ፈውስን ተስፋ የቆረጠ አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ወደ ፈውሱ የቀረበው እርሱ ነው።